ከመስቀል እስከ ኅዳር ሚካኤል፦ የደብረ ብርሃን ጓሯችን የመጸው ሥራ ማስታወሻ

መስከረም 27

ደብረ ብርሃን ላይ ጓሮ የሚያለማ ሰው ሥራውን የሚያቅደው ውርጭን እያሰበ ነው። ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ቀኑ ደስ የሚል ፀሐይ ይሆናል፤ ሌሊቱ ግን እየከረረ ይሄዳል። ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ በየትኛውም ማለዳ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ሊጠብቀን ይችላል።

ትናንት መጸው ገባ፤ የጽጌ ጾምም ተያዘ። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ኅዳር ሚካኤል የሚጠብቀን ሥራ ብዙ ነው። የክረምቱን አዝመራ ከመሬት አውጥተን ማስቀመጥ፣ የዓመቱን በርበሬ ማዘጋጀት፣ መደቦቹን ደግሞ ለበጋው መስኖ ማደስ አለብን። ማስታወሻውን የምይዘው በሚመጣው ዓመት እንደገና እንዳነበው ነው፤ ትንሽ ጓሮ ይዞ ከየት ልጀምር ለሚል ሰውም ይጠቅም ይሆናል።

ከእናቴ ጋር መደብ በመደብ ዞርን። የድንቹ ቅጠል ቢጫ መሆን ጀምሯል። ከባቄላው የታችኞቹ ፍሬዎች ሞልተው ለእሸት ደርሰዋል። ነጭ ሽንኩርቱ አንገቱ ላልቶ ወደ መሬት ዘንበል ብሏል፤ ይህም ንቀሉኝ ማለቱ ነው። ጎመኑ፣ ካሮቱና ቀይ ሥሩ ብርድ ስለሚችሉ አያስቸኩሉም። የሚያስቸኩሉት ዱባው፣ ቃሪያውና በሶብላው ናቸው። አንድ ሌሊት ውርጭ ካገኛቸው በማግስቱ የፈላ ውኃ እንደፈሰሰበት ቅጠል ጠቁረው ይታጠፋሉ። እናቴ “ውርጭ ከሚፈራው ጀምሩ፤ የማይፈራው ይጠብቃችኋል” አለች፤ የሥራችን ቅደም ተከተል በዚሁ ተወሰነ።

ነጭ ሽንኩርቱ ግን ደርሶ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ነቀልነው። ግንዱን ይዞ መጎተት አንገቱን ስለሚበጥሰው ባለቤቴ በመንሹ ከሥር እያላላ፣ እኛ እያነሳን አፈሩን በእጃችን አራገፍን። አይታጠብም። ከነቅጠሉ በጥቅል በጥቅል አስረን ከበረንዳው ጣሪያ ሥር፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘውና ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ሰቀልነው። ሁለት ሦስት ሳምንት እንዲሁ ተሰቅሎ አንገቱ ከደረቀ እስከ ሰኔ ድረስ ይቆያል። ትልልቅ ራስ ያላቸውን ለይተን ቀይ ጨርቅ አሰርንባቸው፤ እነርሱ ለዘር ናቸው፤ ማንም ለወጥ እንዳይነካቸው።

መስከረም 29

የድንቹን ቅጠልና ግንድ ከመሬቱ ትንሽ ከፍ አድርገን አጨድነው። ድንቹ ግን ገና ከመሬት አይወጣም። ግንዱ ከተቆረጠ በኋላ ድንቹ አፈር ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቆይ ልጣጩ ይጠነክራል፤ ልጣጩ የጠነከረ ድንች ሲቆፈር አይጋጋጥም፣ ሲቀመጥም አይበሰብስም። ብዙ ሰው ቅጠሉ እንደ ረገፈ ወዲያው ይቆፍርና ለምን ቶሎ እንደሚበላሽበት ግራ ይገባዋል።

በዚህ ክረምት ከዳር ባሉት ተክሎች ላይ ቅጠልን እያጠቆረ የሚገድለው የእርጥበት ወራት በሽታ ታይቶ ነበር። የእነርሱን ግንድ ለብቻ ለይቼ አጥሩ ጥግ ከመርኩት። ከሌላው ገለባ ጋር መቀላቀል የለበትም። ምን እንደማደርገው አውቃለሁ፤ ጊዜው ሲደርስ እጽፈዋለሁ።

ጥቅምት 2

የእሸት ቀን። ልጆቹ ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሱ ቦርሳቸውን ጥለው ባቄላው ውስጥ ገቡ። ከለቀሙት ግማሹ በጥሬው አለቀ፤ ይህን ማንም አይከለክላቸውም። እሸት ዓመቱን ሙሉ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ እዚያው ተክሉ ሥር ቆሞ እንደ መብላት የሚጣፍጥ የለም።

ለእራት የእሸት አልጫ ሠራሁ። ባቄላው ከቅርፊቱ ከወጣ በኋላ የውስጡንም ስስ ልጣጭ በጥፍር ጫን አድርጎ ማውጣት ያስፈልጋል፤ አድካሚ ቢሆንም ለጣዕሙ ወሳኝ ነው። ሽንኩርቱ በዘይት ለስልሶ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት እርድ ከገባ በኋላ ባቄላው ትንሽ ውኃ ተጨምሮበት ቶሎ ይበስላል። መጨረሻ ላይ ከጓሮው የተቀነጠሰ ቃሪያ ተሰንጥቆ ይገባል። ከዚህ በላይ ቅመም ከተጨመረበት የእሸቱ ሽታ ይጠፋል።

ፍሬው ያለቀባቸውን ግንዶች አልነቀልናቸውም፤ ከመሬት እኩል ቆረጥናቸው እንጂ። አንዱን ግን ለትንሹ ልጄ ለማሳየት ሥሩን አወጣሁለት። ሥሩ ላይ የጤፍ ፍሬ ከሚያካክሉት ጀምሮ የምስር ክክ እስከሚያካክሉት ድረስ ኳስ ኳስ የሚሉ እብጠቶች ተደርድረዋል። አንዱን በጥፍሬ ስሰነጥቀው ውስጡ ሮዝ ሆኖ ታየ። “ደም አለው?” አለኝ። ደም አይደለም፤ ግን ቀለሙን የሚሰጠው ነገር የደማችንን ቅላት ለሚሰጠው ዘመድ ነው። በእብጠቶቹ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ይሰጣሉ፤ ውስጡ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው። ሥሩ መሬት ውስጥ ሲቀር ከዚያ የተወሰነው ለቀጣዩ ተክል ይተርፋል። ከባቄላ ቀጥሎ የተዘራ ገብስ ለምን እንደሚያምርበት አያቶቻችን በዓይናቸው አይተው አውቀውታል።

ጥቅምት 5

ዛሬ አቦ ነው። እናቴ አፈር አትነካም፤ እኛም አልነካንም። ቀኑ የዳቦ ሆነ።

ሊጡን ማታ አቡክቼ ነበር። በእኛ አገር ብርድ ሊጥ ቶሎ አይነሣም፤ ስለዚህ ጎድጓዳ ሳህኑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከምድጃው አጠገብ አሳደርኩት። ጠዋት ክዳኑን ገፍቶ ተነሥቶ ነበር። ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ብቻ ጨመርኩበት፤ ጾም ስለሆነ ከዘይት በቀር ሌላ ቅባት የለበትም።

ኮባው ከቤቱ ጀርባ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ የበቀለ ነው። የቤቱ ሙቀት ከውርጭ ስለሚጋርደው እንጂ ሜዳ ላይ ቢሆን ቅጠሉ በየዓመቱ ይቃጠል ነበር። ታላቋ ልጄ ሁለት ሰፋፊ ቅጠሎች ቆርጣ አመጣችና ወፍራሙን የመሐል አጥንት በቢላዋ ላጥነው። ከዚያ ቅጠሉን በነበልባል ላይ ቀስ ብሎ ማሳለፍ ነው። ሙቀቱ ሲያገኘው ደብዛዛው አረንጓዴ በአንድ ጊዜ ያብረቀርቃል፣ ይለሰልሳል፣ ሲታጠፍም አይሰነጠቅም። ልጄ ይህን ክፍል ለማንም አሳልፋ አትሰጥም። እሳቱ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ ከላይም ከታችም ነደደለት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ለምጣድ ጥሩ ማገዶ ነው፤ ለማዳበሪያ ክምር ግን አይሆንም፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ የሌላውንም ተክል ዕድገት ያቀጭጫል።

በእጃችን አፈር ባንነካም ዓይናችን አልተከለከለምና ከሰዓት በኋላ የጎመን ዘር መረጥን። እናቴ ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቅለት ሥራ ይህ ነው። መጀመሪያ አበባ ያወጣው ጎመን ለዘር አይያዝም፤ እርሱ ለማበብ የሚቸኩል ስለሆነ ልጆቹም ቅጠል ሳይሰጡ ያብባሉ። ለዘር የሚቀረው ቅጠሉ ሰፊ፣ ተባይ ያልደፈረው፣ ሲቀነጠስ ቶሎ የሚያቆጠቁጥና አበባውን የሚያዘገየው ነው። ልጄ በተመረጡት ላይ ክር አሰረች። ከእነርሱ እስከ ዘር ድረስ ቅጠል አይቀነጠስም።

ጥቅምት 9

ዱባዎቹ ገቡ። ከእንብርታቸው በላይ ያለውን ጭራ ጣት የሚያክል አስቀርተን ቆረጥናቸው፤ ጭራው ከሥሩ ከተነቀለ መበስበስ የሚጀምረው በዚያ በኩል ነው። ቃሪያው ተለቀመ። ትርፉን ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ድንጋይ ላይ ፈጭተን ዳጣ አደረግነው። በሶብላው ከነአበባው ታጭዶ ጥላ ውስጥ ተሰቀለ፤ ለበርበሬው ይፈለጋል።

ጥቅምት 13

የድንች ቁፈራ። ከመጀመራችን በፊት አንዱን አውጥቼ ልጣጩን በአውራ ጣቴ ወደ ጎን ገፋሁት፤ አልተላጠም። ደርሷል።

ዘሩ ጉደኔ ነው፤ ሆለታ ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ዝርያዎች አንዱ ሲሆን ያንን የክረምት በሽታ ከድሮው ድንቻችን በተሻለ ይቋቋማል። ዘንድሮም ልዩነቱን በዓይናችን አይተናል፤ ጥቁረቱ ከዳር ካሉት አልፎ ወደ መሐል አልገባም። ባለቤቴ በመንሽ ይገለብጣል፣ እኔና ልጆቹ እንለቅማለን፣ እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትለያለች። ሦስት ክምር ነው፦ የተወጋና የተጋጋጠ ለዛሬና ለነገ፣ ደህናው ለማኖሪያ፣ የእንቁላል መጠን ያለውና ከጤነኛ ተክል የወጣው ለዘር።

ሁለቱ አቀማመጦች ፈጽሞ የተለያዩ መሆናቸውን አጥብቄ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ በየቤቱ አንድ ላይ ሲጣሉ አያለሁና። ለምግብ የሚሆነው ድንች ጨለማ ይፈልጋል። ብርሃን ካገኘው ልጣጩ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሶላኒን የሚባለው መርዛማ ነገርም ይበዛበታል፤ መምረሩ ከዚያ ነው። ስለዚህ በሣጥን አድርገን፣ ጆንያ ደርበን፣ ከጓዳው ጨለማ ጥግ አኖርነው። የዘር ድንች ግን ብርሃን ይፈልጋል፤ በቀጥታ ፀሐይ ሳይሆን የተበተነ ብርሃን። ጨለማ ውስጥ ከተቀመጠ ረጃጅም ነጫጭ፣ ሲነኩት የሚሰበር ቡቃያ ያወጣል። ብርሃን ባለበት ቦታ ግን ቡቃያው አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ ይቀርና ሲተከል ጊዜ ሳያባክን ይነሣል። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ከጣውላ ቁርጥራጭ መደርደሪያ ሠራልን። ድንቹ አንድ ወይም ሁለት ደርብ ሆኖ ይዘረጋል፣ ከዚያ በላይ አይከመርም።

ማታ የተወጉትን ረመጥ ውስጥ ቀበርናቸው። ልጣጩ ከስሎ ውስጡ ዱቄት የሚሆነው እንዲህ ሲጠበስ ነው። በዳጣ ተበላ። ባለቤቴ እናቴን “እማማ፣ እርስዎ ስንተኛዎ ነው?” ሲላት “የሚቆጥር ሰው አይጠግብም” ብላ መለሰችለት።

ጥቅምት 17

መጣ። ማታ ነፋሱ ጸጥ ብሎ ሰማዩ ያለ አንዳች ደመና ሲዘረጋ አውቀን ነበር። ደመና ካለ የመሬቱ ሙቀት ተጋርዶ ይቆያል፤ ሰማዩ ጥርት ካለ ግን በቀን የተጠራቀመው ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ይሸሻል። ነፋስ ከሌለ ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ዝቅ ያለውን ቦታ ይዞ ይተኛል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ለጋ የሰላጣና የቆስጣ ችግኝ ያለበትን መደብ ውኃ አጠጣነው፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ይይዛል። ሲመሽ ቅስት ቅስት አድርገን የሰካነውን ቀርከሃ በጆንያ ሸፈንነው፤ ጆንያው ቅጠሉን እንዳይነካ።

ጠዋት በር ስከፍት ሣሩ ነጭ ነበር። የዱባው ሐረግ ከነቅጠሉ ጠቁሯል፤ ፍሬው ግን ጓዳ ነው። ጆንያው ሥር ያሉት ችግኞች ደህና ናቸው። ፀሐይ ሞቅ ሲያደርግ ጆንያውን ማንሣት ያስፈልጋል፤ ከሥር ታፍነው እንዳይውሉ።

ጎመኑ ቅጠሉ ጠርዝ ጠርዙ ላይ በአመዳይ ተከቦ ቆሟል። እርሱ ከዛሬ ጀምሮ ይጣፍጣል። ብርድ ሲያገኘው ጎመን እንዳይቀዘቅዝ በቅጠሉ ውስጥ ስኳር ያበዛል፤ ካሮቱም እንደዚሁ ነው። የክረምትን ጎመን የቀመሰና የጥቅምትን የቀመሰ አንድ ተክል ነው ብሎ አያምንም። ጎመን በድንች ሠራሁ። እናቴ ግን “በጥቅምት አንድ አጥንት” እያለች ለልጆቹ ቅልጥም እንዲገዛላቸው ባለቤቴን አዘዘችው። እርሷና እኔ ጽጌን ይዘናል፤ ልጆቹ የአጥንት መረቃቸውን ጠጡ።

ጥቅምት 20

በርበሬ። የዓመቱ ትልቁ የወጥ ቤት ሥራ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

የማረቆ ዛላ ገዛን። ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ቀለሙ አይደለም፤ ድርቀቱ ነው። እፍኝ ሙሉ ጨብጦ ሲያፍሱት መንኮሻኮሽ አለበት። እንደ ልብ የሚታጠፍ ከሆነ እርጥበት ይዟል፤ እርጥበት የያዘ በርበሬ ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ቤት ገብቶ ይሻግታል። ከውጭ ያማረ ዛላም ውስጡ ሊሻግት ይችላል። ታላቋ ልጄ ከየጆንያው አፍ፣ መሐልና ሥር ጥቂት ጥቂት እያወጣች ሰንጥቃ ወደ ብርሃን አነሣቻቸው። ፍሬው የተያያዘበት የመሐል ሥጋ ላይ ግራጫ ጥጥ የመሰለ ነገር የታየበትን ሻጭ ትተን አለፍን። ይህ የማጋነን ጉዳይ አይደለም፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ነው፣ ወጥ ውስጥ ቢንተከተክም አይጠፋም። የሻገተውን ለይቶ መጣል እንጂ ታጥቦ ይድናል ማለት አይቻልም።

ዛሬ ቅንጠሳ ሆነ። ጎረቤታችን እትዬም መጡልን፤ በእኛ ሰፈር በርበሬ ብቻውን የሚቀነጥስ ሰው የለም፣ በሚመጣው ሳምንት የእርሳቸው ተራ ነው። ጭራው ይወጣል፣ ጠቃጠቆ ያለበት ይጣላል። ትንሹ ልጄ ዓይኑን እንዳይነካ ጓንት አድርገንለት ዛላ አቀባይ ሆነ። ከዚያ ሰሌን ላይ ሁለት ቀን ፀሐይ ይጠጣል። ባዶ መሬት ላይ ማስጣት አይገባም፤ አቧራውም እርጥበቱም ከዚያ ነው የሚመጣው። ቀኑ ሲያልቅ ጤዛ ሳይወድቅበት ይገባል።

ጥቅምት 23

ዛላው በሙቀጫ ሸረፍ ሸረፍ ተደረገ። አሥር ኪሎ ላይ ያስገባነው ይህ ነው፦ ነጭ ሽንኩርት 1 ኪሎ ተኩል፣ ዝንጅብል 1 ኪሎ፣ ቀይ ሽንኩርት 1 ኪሎ፣ ከራሳችን ጓሮ በሶብላ ግማሽ ኪሎ፣ የጤና አዳም ፍሬ አንድ እፍኝ። ነጭ ሽንኩርቱም የራሳችን ነው። እርጥቡ ቅመም ለብቻው ተወቅጦ ከበርበሬው ጋር ይደለዛል፤ ከዚያ ዕቃ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ይታመቃል። እናቴ ሁለት ሌሊት አሳደረችው። መክፈት የለም፣ ማየት የለም። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሽንኩርቱ ጥሬ ሽታ ይሞትና በርበሬው ራሱ ይጠቁራል፣ ይጣፍጣል።

ጥቅምት 25 እና ከዚያ በኋላ

ሲከፈት ሽታው እስከ መንገድ ደረሰ። አሁን እንደገና ወደ ፀሐይ ይወጣል። የጥቅምት ፀሐይ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ ዝናብ የለም፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ሙቀቱም ቀለሙን አያቃጥልም። እናቴ በየጊዜው ተነሥታ በእጇ ትበትነዋለች፣ ትገለብጠዋለች። በጣት ሲፈረፈር ደረቀ ይባላል።

ደረቁ ቅመም በለዘብተኛ እሳት፣ እያንዳንዱ ለብቻው ታመሰ፦ ኮረሪማ ግማሽ ኪሎ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ሩብ ሩብ ኪሎ፣ አብሽ ጥቂት። ለብቻው የሚታመሰው ነጭ አዝሙድ ሙቀት በነካው ቅጽበት ስለሚሸት፣ ኮረሪማ ግን ስለሚዘገይ ነው፤ አንድ ላይ ከገቡ አንዱ ጥሬ ሆኖ ሌላው ያራል። እናቴ በዓይኗ ሳይሆን በአፍንጫዋ ነው የምታወርደው። ጨው 1 ኪሎ። ልጄ ሁሉንም በደብተሯ ጻፈች፤ እናቴ ግን በእፍኝ የምትለካውን ሁሉ ወደ ሚዛን ለማምጣት ሥራው ሁለት እጥፍ ጊዜ ወሰደ። ይሁን፤ የእርሷ እፍኝ ከዛሬ ወዲያ በኪሎ ይታወቃል።

ኅዳር 3

መደቦቹ ባዶ ናቸው። ሁለት ቀን ዶሮዎቹን ለቀቅንባቸው፤ ቆራጭ ትሉን ከአፈር ውስጥ እየጫሩ አወጡት። ዛሬ ደግሞ የማዳበሪያ ክምር ሠራን።

ቦታው ፀሐይ ከሰዓት በኋላ የሚያሞቀው ግድግዳ ሥር ነው፤ በእኛ ብርድ ክምር እንዳይተኛ ሙቀት መስጠት ያስፈልጋል። ከታች ጠንከር ያለ አገዳና ጭራሮ አየር እንዲያስገባ፣ ከዚያ ደረቅ ገለባ፣ ከዚያ አረንጓዴ አረምና የጎመን ቅጠል፣ ከዚያ የበግ በጠጥና እበት፣ በላዩ አመድና አፈር እየተበተነ፣ ውኃ እየተረጨ እንደገና ከገለባው ይጀመራል። ወርዱም ቁመቱም ከአንድ ሜትር ካነሰ አይግልም። መሐሉ ላይ ረጅም ዱላ ሰካን። ዱላው ከጥቂት ቀናት በኋላ ተነቅሎ በእጅ ይዳሰሳል፦ ሞቅ ብሎ እርጥብ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ከሆነ ውኃ ይፈልጋል፤ ቀዝቃዛና ጭቃ ከሆነ አየር አጥቷል፣ ይገለበጥ።

ይህን አሠራር ሳስብ የአካባቢ ጥበቃ ሳይንቲስቱን ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርን ሳላነሣ አላልፍም። ከባለቤታቸው ከሱ ኤድዋርድስና ከትግራይ አርሶ አደሮች ጋር ኮምፖስት ምርትን እንደሚጨምር በማሳ ላይ አሳይተዋል። ለማዳበሪያ መግዣ ገንዘብ ለሌለው ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የእኛም ጓሮ የሚበላው ከራሱ የወጣውን ነው።

ኅዳር 6

ቁስቋም፤ ጽጌ ተፈታ። ዱላውን ነቀልኩት። ሞቋል፤ በመዳፌ ይዤ መቆየት አልቻልኩም። ልጆቹ ተራ በተራ ዳሰሱት፣ ከጎረቤትም ልጅ ጠርተው አሳዩ።

ኅዳር 8

በርበሬው ወፍጮ ቤት ሄዶ ተመለሰ። ተፈጭቶ እንደ ወጣ ትኩስ ስለሆነ ወዲያው አይታሸግም፤ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ይመለስበታል። ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ቀዘቀዘ፣ ከዚያ በደረቅ ማሰሮና በክዳናም ዕቃ ገባ።

ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። በየሰፈሩ ጢስ ይነሣል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አገራችን ገብቶ ብዙ ሰው ፈጅቷል፤ በዚህ ቀን ቆሻሻን ሰብስቦ ማቃጠል ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ የመጣ ልማድ ነው። እናቴ ከእናቷ፣ እርሷም ከእናቷ የሰማችው ነውና ኅዳር ሳይታጠን አይታለፍም።

እኔ ደግሞ የጓሮው ገለባና ቅጠል ሲቃጠል ማየት አልችልም። ያ ሁሉ የአፈር ምግብ ነው። ለዓመታት በዚህ ቀን ከእናቴ ጋር እንከራከር ነበር፤ ዘንድሮ ግን ክርክር አልነበረም። መስከረም ላይ ለይቼ አጥር ጥግ የከመርኩት የታመመ የድንች ግንድ ነበረ፤ ክምር ውስጥ ቢገባ በሽታውን ለሚመጣው ዓመት ሊያሳልፍ የሚችል፣ መቃጠል ያለበት። የቃሪያውን የታመመ ሥርና የተበሳ የጎመን አገዳ ጨመርንበት። ፕላስቲኩን ለይተን አወጣን፤ ጢሱ ሳንባ ይጎዳል። እናቴ ራሷ ለኮሰችው። “በሽታን ለማባረር አይደል የሚታጠነው? ይኸው በሽታው” አለች። አመዱ ሲበርድ በወንፊት ተነፍቶ ግማሹ ለክምሩ፣ ግማሹ ለነጭ ሽንኩርቱ መደብ ተቀመጠ።

ዶሮ ወጡ በአዲሱ በርበሬ ተሠራ። ቀይ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ውኃው እስኪመጥና እስኪጠቁር ተቁላላ፤ ከዚያ ቅቤ፣ ከዚያ በርበሬው ገብቶ፣ ውኃ ጠብ እየተደረገለት ጥሬ ሽታው እስኪለቅ ድረስ ተጠበቀ። እናቴ በማማሰያው ጫፍ ቀመሰችና ምንም አላለችም፤ እንደገና ቀመሰች። ያን ጊዜ ልጄን ጠርታ “ደብተርሽ ትክክል ነው” አለቻት።

ኅዳር 14

ነገ የነቢያት ጾም ይገባል። ከዚያ በፊት የቀረችን ሥራ የነጭ ሽንኩርት ተከላ ነበረች።

አምና ነጭ ሽንኩርት በነበረበት መደብ ላይ አይተከልም። ሥሩን ነጭ ሻጋታ አልብሶ የሚያበሰብሰው በሽታ በሰሜን ሸዋ ደጋ ብዙ ማሳ አበላሽቷል፤ አንዴ ከገባ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፣ መድኃኒቱ መራቅ ነው። ስለዚህ ባቄላው የነበረበትን መደብ ሰጠነው። ቀይ ጨርቅ ያሰርንባቸው ራሶች ወረዱ፤ ትልልቁ የዳር ፍንካች ብቻ ተመረጠ፣ ትንንሹ የመሐሉ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ሹሉ ወደ ላይ፣ በፍንካቾቹ መካከል ግማሽ ስንዝር፣ በመስመርና በመስመር መካከል አንድ ክንድ ያልሞላ፤ ጥልቀቱ ሁለት ጣት። ላዩ በገለባ ተሸፈነ፤ ገለባው ውኃውንም ይቆጥባል፣ ሌሊትም አፈሩን ከውርጭ ይጋርዳል።

የውኃ ተራ ተደልድሏል። አትክልት የታጠበበት ውኃ በሙሉ ወደ በርሜሉ ይገባል፤ ጠዋት ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ታላቋ፣ ቅዳሜና እሑድ ትንሹ ያጠጣሉ። ማታ አይጠጣም፤ ያደረ እርጥብ ቅጠል ለብርዱ ይመቻል። የማዳበሪያው ክምር ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ይገለበጣል። የዘር ድንቹ በየሳምንቱ ይታያል፣ የተበላሸው ይወጣል፤ ቡቃያው አንድ ጣት አንጓ ያክል ሆኖ፣ በልጉ የካቲት ላይ ከጣለ ይተከላል።